ስክሪንሾት ብር አይደለም
ፎቶ አንሺዎች፣ የሠርግ ቀሪ ክፍያ ስትቀበሉ ደንበኛው በላከው ስክሪንሾት ብቻ ፋይል አትልቀቁ። ደረሰኝ ላይ ስምና መጠን መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው። አጭር መልእክትም አይበቃም፤ የቴሌብር ማረጋገጫ የሚመጣው ከ127 ነው፣ ከግለሰብ ስልክ ቁጥር ከደረሳችሁ ሐሰተኛ ነው። የራሳችሁን መተግበሪያ ክፈቱ፤ ኢንተርኔት ከሌለ *127# ደውሉ። ማየት ያለባችሁ ሒሳባችሁ መጨመሩን ነው።

እስከዚያ የምትልኩት ናሙና ረጅም ጎኑ ከ1000 ፒክስል አይብለጥ፣ ስማችሁም ፎቶው ላይ ባለው ሰው ፊትና ልብስ ላይ ይለፍ። ጥግ ላይ የተጻፈ ስም በቀላሉ ተቆርጦ ይወጣል።

«በስህተት 10,000 ብር አስበልጬ ላክሁ፣ በዚህ ቁጥር መልሱልኝ» የሚል ካጋጠማችሁ ደግሞ ብዙ ጊዜ የገባ ብር የለም። በእርግጥ ገብቶ ከሆነም በሌላ ቁጥር አትመልሱ፤ ብሩ ከሌላ ሰው የተሰረቀ ሊሆን ስለሚችል ባንኩ ራሱ ወደ መጣበት ሒሳብ ይመልሰው።

ከባንክ ወደ ባንክ የሚላክ ብር አንዳንዴ ይዘገያል። ስለዚህ ስላልገባ ብቻ ደንበኛውን አጭበርባሪ አትበሉት፤ «ሲገባ ወዲያው እልካለሁ» ብላችሁ ጠብቁ።