የሞዴል ባቡራችሁ ሐዲድ ላይ እየተንገጫገጨ ሲያስቸግራችሁ ጎማውን እዩት

ደብረ ብርሃን በበጋ አቧራው አይጣል ነው፣ የሞዴል ባቡር (ከሐዲዱ ኤሌክትሪክ እየወሰደ የሚሄድ ትንሽ ባቡር) ክበባችን ውስጥም ባቡሩ ሁለት ሜትር ሳይሄድ እየቆመ ስንቱን አሰልችቶታል። ሁሉም ሰው ሐዲዱን ይወለውላል፣ ቆሻሻው ግን ጎማው ላይም አለ፣ ስለዚህ የጸዳውን ሐዲድ መልሶ ያቆሽሸዋል።

መላው ቀላል ነው። ክር የማይረግፈው ያረጀ አቡጀዲ ቁራጭ ፋርማሲ በሚሸጠው አልኮል ነካ አድርጉና በደንብ ጨምቃችሁ ሐዲዱ ላይ አግድም አንጥፉት፣ ከዛ የሎኮሞቲቩን (ሞተር ያለበትን የባቡሩን ጎታች) የፊት ጎማዎች ጨርቁ ላይ የኋላዎቹን ባዶው ሐዲድ ላይ አድርጋችሁ በእጅ ያዝ አድርጉት፣ ኃይሉን ቀስ ብላችሁ ጨምሩ። የኋላዎቹ ከሐዲዱ ኤሌክትሪክ ይወስዳሉ፣ ሞተሩ ይዞራል፣ የፊቶቹ ጨርቁ ላይ እየተሽከረከሩ ራሳቸውን ያጸዳሉ። ጨርቁን ስታነሱት ሁለት ጥቁር መስመር ታገኛላችሁ፣ ያ ነው ኤሌክትሪኩን ሲከለክል የከረመው። ንጹሕ ቦታ እያዞራችሁ መስመሩ እስኪጠፋ ድገሙት፣ ከዛ ሎኮሞቲቩን ፊቱን ወደ ኋላ አዙራችሁ በሌላኛው ጫፍ ጎማዎችም እንዲሁ አድርጉ።

በሞተር የማይዞሩ ጎማዎች ካሉ እነሱን በጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ በእጅ ጥረጉ። የላስቲክ ቀለበት ያለበት ጎማ ላይ ግን ይሄን አታድርጉ፣ አልኮል ላስቲኩን ያደርቀዋል። አሴቶን በጭራሽ፣ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። ብርጭቆ ወረቀትም ተዉት፣ የሚተወው ጭረት ቆሻሻ ይይዛል። አልኮል እሳት ስለሚይዝ ጨርቁ እንዳይንጠባጠብ፣ መስኮትም ክፈቱ፣ ብርድ ቢሆንም።