ነዳጅ ሲሰጡት የሚያንገራግር ሞተር ሳይክል፦ ካርቡሬተሩን እንዴት እናስተካክለው?

መብራት ለቀቀ፣ ነዳጅ ሰጣችሁ፣ ሞተሩ ግን ለአፍታ ድርግም አለ። ከኋላ ያለው ሚኒባስ ጥሩምባውን ሲያንባርቅ ድንገት ነቅቶ ይፈተለካል። ብዙ ጊዜ ይሄ የሚሆነው ካርቡሬተሩ ውስጥ የሚቀላቀለው የአየርና የነዳጅ ድብልቅ ሲሳሳ ነው። ለገባው አየር የሚበቃ ነዳጅ አልመጣም ማለት ነው። «ካርቡሬተሩ አርጅቷል፣ ይቀየር» የሚላችሁ አይጠፋም። አትቸኩሉ። አብዛኛው በአንድ ጥሩ ካቻቢቴና በትዕግሥት ይድናል።

ከሁሉ በፊት አንድ ጥያቄ፦ ማንገራገሩ የጀመረው ቆላ ከወረዳችሁ በኋላ ነው? አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ዝቅ ላለ አገር የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ነዳጅ ይበዛበታል፣ ጥቁር ያጨሳል። መካኒኩ ነዳጁን ይቀንስለታል፤ ደግ አደረገ። ያው ሞተር ሳይክል 1,200 ሜትር አካባቢ ወዳለችው ድሬዳዋ ሲወርድ ግን አየሩ ይበዛል፣ ነዳጁ ባለበት ይቀራል። እንዲህ ከሆነ ምንም አትፍቱ፤ በቀጥታ ወደ 4ኛው ሂዱ።

1. መሳሳቱን አረጋግጡ

ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ቾኩን (ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ አየር የሚቀንሰውን) ግማሽ ድረስ ሳቡና ትንሽ ንዱት። ማንገራገሩ ከቀነሰ ነዳጅ እያነሰው ነው። ከባሰበት ግን ነዳጅ በዝቶበታል፤ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ በተቃራኒው አንብቡት። ሌላም ምልክት አለ። ነዳጅ ስትለቁ ማርሚታው ጧ ጧ ይላል፣ የሞተሩ ዙርም ቶሎ አይወርድም። ካንዴላውን (ነዳጁን የሚያቀጣጥል ብልጭታ የሚሰጠውን) ስትፈቱት ጫፉ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በዚህ ሁኔታ ረጅም መንገድ አትሂዱ፣ የሳሳ ድብልቅ ሞተሩን ያግላል።

2. የት ላይ እንደሚያንገራግር ያዙ

የነዳጅ መስጫው እጀታ ላይ ፕላስተር ለጥፉና ሩብ፣ ግማሽና ሙሉ የሚሆንበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ከዚያ እየነዳችሁ ተመልከቱ። ከመነሻው እስከ ሩብ ድረስ ያለው የትንሿ ጂግለር (ነዳጅ የሚያልፍባት ቀዳዳ ያላት የነሐስ ዕቃ) ግዛት ነው። ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ የነዳጁን ማለፊያ የሚያጠብና የሚያሰፋው መርፌ ይገዛል። ከዚያ በላይ ትልቋ ጂግለር ናት። ይህን ሳይለዩ ጂግለር የሚቀይሩ ሰዎች አይገቡኝም። ሩብ ላይ የሚያንገራግር ሞተር ትልቋን ጂግለር ብትቀይሩለት ያው ነው።

3. ካርቡሬተሩን ከመንካታችሁ በፊት

የአየር ማጣሪያው በቦታው መሆኑን፣ ቤንዚኑ ከቧንቧው ሳይቆራረጥ መውረዱን፣ የታንከሩ ክዳን መተንፈሻ አለመደፈኑን እዩ። ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ ስትነዱ ችግሩ ከጠፋ ተገላገላችሁ።

ካርቡሬተሩንና ሲሊንደሩን የሚያገናኘውን ጎማ ግን በጥንቃቄ መርምሩት። ሲያረጅ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ያልተጠራ አየር ይገባል። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጡት በራሱ ቀስ ብሎ) እየሠራ የሳሙና ውኃ ዙሪያውን እርጩበት። ዙሩ ከተለወጠ ጎማው ወይም ጓርኒሲዮኑ (መሃል የሚገባው ማሸጊያ) አየር ያስገባል። ያን ሳይቀይሩ ካርቡሬተር ማስተካከል ድካም ብቻ ነው። ቤንዚን የሚረጩ አሉ፤ የጋለ ማርሚታ አጠገብ እንዲህ ያለ ነገር አይሞከርም።

4. ትንሿ ብሎን

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ካርቡሬተሩ ላይ ሁለት ብሎኖች ታያላችሁ። አንዷ ሚኒሞውን ከፍና ዝቅ የምታደርግ ናት፤ ትልቅና በእጅ የምትዞር ልትሆን ትችላለች። ሌላዋ ትንሽ ናት፣ ጉድጓድ ውስጥ ትገባለች። ድብልቁን የምትወስነው እሷ ናት።

ብሎኗ በየትኛው በኩል እንዳለች እዩ። ወደ ሲሊንደሩ በኩል ከሆነች የምትቆጣጠረው ነዳጅ ነው፤ ስትላላ ነዳጅ ይጨምራል። አብዛኞቹ ባለ አራት ምት ሞተሮች እንዲህ ናቸው። ወደ አየር ማጣሪያው በኩል ከሆነች ግን የምትቆጣጠረው አየር ነው፤ ስትላላ ድብልቁ ይብስ ይሳሳል። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ስፈታው ባሰበት» ካላችሁ ይሄው ነው ነገሩ።

መጀመሪያ ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ እያጠበቃችሁ ስንት ዙር እንደዞረች ቁጠሩና ጻፉት። መንካት ስትጀምር አቁሙ። ጫፏ እንደ መርፌ የሾለ ነው። በጉልበት ስትጠብቅ ይታጠፋል፣ አንዳንዴም ተሰብሮ ቀዳዳው ውስጥ ይቀራል። ከጋራዥ እንዲህ ሆኖ የመጣ ካርቡሬተር አይቻለሁ፤ የተሰበረችውን ጫፍ የሚያወጣላት ስላልተገኘ ካርቡሬተሩ ተጣለ።

አሁን ሁለት ዙር ፍቱና ሞተሩን አስነሱ። እስኪሞቅ ጠብቁ፤ በቀዝቃዛ ሞተር የተስተካከለ ሲሞቅ አይሠራም። ሚኒሞውን ትንሽ ከፍ አድርጉ። ከዚያ ትንሿን ብሎን ሩብ ዙር ሩብ ዙር እያላላችሁ (የአየር ብሎን ከሆነች ግን እያጠበቃችሁ) አዳምጡ። ከእያንዳንዱ ሩብ በኋላ ጥቂት ሰከንድ ጠብቁ። ዙሩ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ ይቆማል ወይም መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ከፍተኛ ወደሆነበት ቦታ መልሷት። ሚኒሞውን ዝቅ አድርጉ፤ ለትንንሽ ሞተር ሳይክሎች በደቂቃ 1,400 ዙር አካባቢ ጥሩ ነው። ዙር ቆጣሪ ከሌለው ዳኛው ጆሯችሁ ነው። ነዳጅ ቶሎ ስጡት። አሁንም ካመነታ በዚያው አቅጣጫ ሩብ ዙር ጨምሩለት።

ቆላ ወርዳችሁ ከሆነ ብዙ ጊዜ እዚህ ያልቃል። ከሦስት ዙር በላይ ፈትታችሁም ለውጥ ከሌለ ትንሿ ጂግለር ተደፍናለች ወይም ጠባለች።

5. ማጽዳት

ቤንዚኑን ዝጉ፣ ካርቡሬተሩን አውርዱ፣ ከታች ያለውን ነዳጅ የሚጠራቀምበትን ጽዋ ፍቱ። ብሎኖቹ ለስላሳ ናቸው፤ በማይገጥም ኮከብ ካቻቢቴ ጭንቅላታቸው ይበላል። ለዚህ ሥራ አንድ ጥሩ ካቻቢቴ መግዛት ያዋጣል። በሌላው ዕቃ መቆጠብ ይቻላል።

ትንሿን ጂግለር ፈትታችሁ ወደ ብርሃን ያዙ። ቀዳዳዋ ግማሽ ሚሊሜትር አይሞላም። ክብ ብርሃን ካላያችሁ ተደፍናለች። በብረት ሽቦ አትውጉት፣ ነሐሱ ይሰፋል። ከኤሌክትሪክ ገመድ አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር መዛችሁ ተጠቀሙ፣ ከዚያ በኮምፕሬሰር ንፉት። ትንሿን ብሎን ካወጣችሁ ደግሞ ከኋላዋ ስፕሪንግ፣ ሮንዴላና ላስቲክ ቀለበት አለ። ላስቲኩ ጉድጓዱ ውስጥ ተጣብቆ መቅረት ይወዳል። ሳታዩት ብትነፉት አስፋልት ላይ ስትፈልጉት ትውላላችሁ።

6. መርፌው

ማንገራገሩ ግማሽ አካባቢ ከሆነ ነው ወደዚህ የምትመጡት። መርፌው አናት ላይ ትንንሽ ጎድጓዳ መስመሮች ካሉ ክሊፑን አንድ መስመር ወደ ታች አውርዱት፤ መርፌው ከፍ ይላል፣ ነዳጅ ይጨምራል። መስመር የሌለው መርፌ ከሆነ ከሥሩ ግማሽ ሚሊሜትር የምትሆን ሮንዴላ አስገቡ። ካርቡሬተሩ ጥቁር ላስቲክ ሽፋን ካለው ስትመልሱት ጠርዙ እንዳይታጠፍ፤ ከታጠፈ አዲስ ችግር ፈጠራችሁ።

ትልቋን ጂግለር መቀየር የሚያስፈልገው ሙሉ ነዳጅ ላይ ሲደክም ብቻ ነው። አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ግዙ፣ ከዚያ በላይ አትዝለሉ።

ሁለት ወይም አራት ካርቡሬተር ያለው ሞተር ሳይክል ካላችሁ ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ በቫኪዩም መለኪያ እኩል መሳባቸውን ማየት አለባችሁ። እሱን በጆሮ አትሞክሩት።

በመጨረሻ ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ ፈትኑት። ሞተሩን አጥፍታችሁ ሲቀዘቅዝ ካንዴላውን ፍቱ። ጫፉ ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ብሎኗ ስንት ዙር ላይ እንደቆመች ከመቀመጫው ሥር በማርከር ጻፉት፣ የከተማውንም ስም ጨምሩበት።