ግሪክ ሬስቶራንት ስትገቡ ለየብቻ አትዘዙ
ከጓደኛ ጋር ግሪክ ሬስቶራንት ከሄዳችሁ ሁላችሁም የየራሳችሁን ምግብ አትዘዙ። ሜዜ የሚባሉ ትናንሽ ሳህኖች አሉ፣ መሀል ላይ ተደርገው በጋራ የሚበሉ። ለአራት ሰው በአራት ወይ በአምስት ሳህን ጀምሩ፣ ካነሰ ትጨምራላችሁ። ጻጺኪ አይቅርባችሁ፤ እርጎ፣ ኪያር፣ ነጭ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት ነው፣ በዳቦ እያጠቀሱ መብላት ነው። ሳጋናኪ፣ ማለትም የተጠበሰው አይብ፣ ሲመጣ ግን ወሬውን አቁሙና ብሉ! ከላይ ቡናማ ሆኖ ውስጡ ለስለስ የሚለው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፣ ከቀዘቀዘ እንደ ጎማ ይሆናል።

ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ ዓሣ ላይ ነው። ሙሉ ዓሣ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው በኪሎ ነው፣ ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ የአንድ ሳህን መስሏችሁ ካዘዛችሁ ሂሳቡ ሲመጣ ክው ትላላችሁ። እኔ አንዴ ደርሶብኛል፣ ማታዬን ነው ያበላሸብኝ። ስለዚህ ዓሣው እሳት ላይ ከመደረጉ በፊት «መዝኑትና ስንት እንደሚመጣ ንገሩኝ» በሉ። ምንም ነውር የለውም፣ አስተናጋጆቹም ለምደውታል።

ዓርብና ቅዳሜ ማታ ከሆነ ደግሞ ቀድማችሁ ደውላችሁ ቦታ አስይዙ።