ዊንዶውስ እንደገና ሲጫን ፋይል የሚያስጠፉ ስህተቶች

ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ወይም ቫይረስ ሲያስቸግር ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣው «ፎርማት ይደረግ» ነው። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ ደግሞ ወደ 11 ለመሻገር ብሎ የሚያስጭንም አለ። መጫኑ ራሱ ከባድ ሥራ አይደለም። የሚያሳዝነው በዚያች አጭር ጊዜ የዓመታት ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም የድርጅት ሒሳብ አብሮ ድራሹ ሲጠፋ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይህ የሚደርሰው ባለቤቱ የቱ ፋይል የት እንደተቀመጠ ሳያውቅ ሥራው ስለሚጀመር ነው። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ፍላሹ ከመሰካቱ በፊት እነዚህን ነገሮች አስቡባቸው።

ሁልጊዜ ፎርማት ያስፈልጋል ብሎ ማሰብ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው ባይ ነኝ። ዊንዶውስን እንደገና ለመጫን ፎርማት ማድረግ ግዴታ አይደለም።

ኮምፒውተሩ እንደምንም የሚከፈት ከሆነ መጀመሪያ መሞከር ያለበት የጥገና ጭነት ነው። ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ የዊንዶውስን አይኤስኦ ፋይል፣ ማለትም ሙሉ መጫኛውን በአንድ ፋይል የያዘውን፣ ታወርዳላችሁ። ዊንዶውስ ተከፍቶ እያለ ፋይሉን ሁለቴ ጠቅ አድርጋችሁ «ሴትአፕ» የሚለውን ታስነሳላችሁ። ምን ይቀመጥልህ ብሎ ሲጠይቅ «ኪፕ ፐርሰናል ፋይልስ ኤንድ አፕስ» የሚለውን ትመርጣላችሁ። ፋይሉም፣ ፕሮግራሙም፣ አብዛኛው ሴቲንግም ባለበት ይቆያል፤ የሚታደሰው የዊንዶውስ የራሱ ክፍል ነው። ያወረዳችሁት ግን ኮምፒውተሩ ላይ ካለው ጋር ቋንቋውም ዓይነቱም መመሳሰል አለበት። ፕሮ ላይ ሆም፣ ወይም በአንዱ የእንግሊዝኛ ዓይነት ላይ ሌላውን ብታመጡ ፕሮግራሞቻችሁን የማስቀረት ምርጫው ይዘጋባችኋል። ያን ጊዜ «እሺ» ብላችሁ አትለፉ፤ አቋርጡና ትክክለኛውን አውርዱ።

ልብ በሉ፣ ይህ ምርጫ የሚመጣው ሥራው ከዊንዶውስ ውስጥ ሲጀመር ብቻ ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ በፍላሽ ካስነሳችሁት አታገኙትም። ኮምፒውተር ጥገና ቤት ስትሄዱም «ዊንዶውስ ጫንልኝ» ብላችሁ ብቻ አትውጡ። ቴክኒሻኑ የሚቀናው ፍላሽ ሰክቶ ከዜሮ መጀመሩ ነው። «ፋይሌም ፕሮግራሜም ሳይነካ መጀመሪያ ሪፔር ሞክርልኝ» በሉት።

ሁለተኛው መንገድ ሴቲንግስ ውስጥ፣ ሪከቨሪ ሥር ያለው «ሪሴት ዚስ ፒሲ» ነው። እዚህ «ኪፕ ማይ ፋይልስ» ብትሉ የግል ፋይሎቻችሁ ይቀራሉ፤ የጫናችኋቸው ፕሮግራሞች ግን ይጠፋሉ። ብዙ ሰው ስሙን አይቶ ሁሉም ነገር የሚተርፍ ይመስለዋል። ከዜሮ መጫን የሚያስፈልገው ሁለቱም አልሆን ሲሉ፣ ወይም ቫይረሱ ሥር የሰደደ ሲሆን ነው።

«ሲ ላይ ምንም የለኝም» ማለት

ቴክኒሻኑ «ሲ ላይ የምትፈልጉት ነገር አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ስንቱ ነው «ምንም የለም፣ ሁሉም ዴስክቶፕ ላይ ነው» የሚለው! ሲ ማለት ዊንዶውስ ራሱ የተጫነበት የዲስኩ ክፋይ ነው፤ ዴስክቶፕ ያለው እኮ እዚያው ውስጥ ነው። ሲን ክፈቱ፣ ዩዘርስ ውስጥ ግቡ፣ የራሳችሁን ስም ክፈቱ። ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ፣ ዳውንሎድስ፣ ፒክቸርስ በሙሉ እዚያ ተደርድረው ታያላችሁ። ኮምፒውተር ላይ ቴሌግራም የምትጠቀሙ ከሆነ ያወረዳችሁት ነገር ሁሉ ዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚባል ፎልደር አለው። ስለዚህ እየመረጣችሁ ከመቅዳት በስማችሁ ያለውን ፎልደር እንዳለ ኮፒ አድርጉት። ኮምፒውተሩን ሌላ ሰውም የሚጠቀምበት ከሆነ የእሱንም አትርሱ።

ስትቀዱ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ዴስክቶፕ ላይ ጥጉ ላይ ትንሽ ቀስት ያለበት ምልክት ሾርትከት ነው፤ እሱን ፍላሽ ላይ ብትጭኑት ፋይሉ አብሮ አይሄድም። ዋንድራይቭ የተባለውን የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማስቀመጫ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ የደመና ምልክት ያለበት ፋይል ኮምፒውተሩ ላይ የለም፤ ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው። የአካውንቱን ኢሜይልና ፓስወርድ ካላወቃችሁ እንዳለ አትቁጠሩት።

የፕሮግራሞችን መረጃ መርሳት

ፎቶና ዶክመንት ቀድቶ «ጨረስኩ» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። በአገራችን ብዙ ድርጅት ሒሳቡን የሚይዘው በፒችትሪ ነው። የፒችትሪ መረጃ ዶክመንትስ ውስጥ አይቀመጥም፤ የራሱ ፎልደር አለው። ፎልደሩን ፍለጋ ከመዞር ፒችትሪን ከፍታችሁ፣ ፋይል የሚለው ሜኑ ውስጥ ባክአፕ አድርጉ። መጨረሻው ፒቲቢ የሆነ አንድ ፋይል ይሰጣችኋል። ከአንድ በላይ ድርጅት የምትይዙ ከሆነ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ነው የሚሠራው። የትኛው ዓመት ፒችትሪ እንደሆነም ጻፉት፤ በአዲሱ የተያዘ ባክአፕ በአሮጌው አይከፈትም። የመጫኛ ፋይሉና ሲሪያል ቁጥሩ እጃችሁ ላይ መኖራቸውንም አረጋግጡ።

የክሮም ፓስወርዶች ነገር ደግሞ ሌላ ነው። የክሮምን ፎልደር እንዳለ ብትቀዱት እንኳ ፓስወርዶቹ አዲሱ ዊንዶውስ ላይ አይከፈቱም፤ የተቆለፉት ከአሮጌው የዊንዶውስ ተጠቃሚ ጋር ተያይዘው ነውና። አስቀድማችሁ በጎግል አካውንታችሁ ሲንክ አድርጉ፤ ማለትም አካውንቱ ላይ እንዲቀመጡ አድርጉ። ወይም ከክሮም ሴቲንግ ኤክስፖርት አድርጓቸው፤ ግን ፋይሉን ማንም ከፍቶ ሊያነበው ስለሚችል ሥራው እንዳለቀ አጥፉት።

የአማርኛ ፎንቶችን ትቶ መሄድ

ለዓመታት በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በአሮጌው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የዕድር መዝገብ ያለው ሰው ይህንን በደንብ ይስማኝ። እነዚህ የቆዩ ፎንቶች የዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ቋንቋ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደረጃ) ፎንቶች አይደሉም። የአማርኛውን ፊደል ያስቀመጡት በእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች ቦታ ላይ ነው። አዲሱ ዊንዶውስ ላይ ፎንቱ ከሌለ ዶክመንቱ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ይሆናል። ሰው ፋይሉ የተበላሸ መስሎት የሚያጠፋው እንዲህ ሲያየው ነው። ፋይሉ ግን ደህና ነው፤ የጎደለው ፎንቱ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ዊንዶውስ የሚለው ፎልደር ውስጥ ፎንትስ አለ፤ የአማርኛዎቹን መርጣችሁ ኮፒ አድርጉ። የምትጽፉበት የአማርኛ ኪቦርድ፣ ኪማንም ሆነ ፓወር ግዕዝ፣ መጫኛውን ያዙ። በኒያላ ፎንት የምትጽፉ ደግሞ አዲሱ ዊንዶውስ ላይ ብታጡት አትደንግጡ፤ ኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ «ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ» ብላችሁ ታወርዱታላችሁ።

ዲ ላይ አስቀምጦ ተማምኖ መተኛት

ዲ ብዙ ጊዜ የዚያው የአንዱ ዲስክ ክፋይ ነው። ዲስኩ ከተበላሸ ወይም በስህተት በሙሉ ከተደለተ ሲም ዲም አብረው ይሄዳሉ። ባክአፕ የሚባለው ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ ለብቻው መቀመጥ የሚችል ነገር ነው። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ከሌላችሁ ለአንድ ቀን ተዋሱ።

ባክአፑን ዊንዶውስ የሚጫንበት ፍላሽ ላይ ያደረገም ሰው አለ። የማይክሮሶፍት ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል ቢያንስ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ይፈልጋል፤ መጫኛውን ሲያዘጋጅም ፍላሹ ላይ ያለውን በሙሉ ያጠፋል። ሁለቱን ለዩ። ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ቪዲዮ ፍላሹ አልቀበልም ካላችሁ ፍላሹ በፋት32 የተፎረመተ ሊሆን ይችላል፤ በኤንቲኤፍኤስ ወይም በኤክስፋት ይደረግ። ቀድታችሁ ስትጨርሱ ደግሞ ከየፎልደሩ ጥቂት ፋይል በሌላ ኮምፒውተር ከፍታችሁ እዩ።

የቢትሎከርን ቁልፍ አለመያዝ

ቢትሎከር ዊንዶውስ ዲስክን የሚቆልፍበት ዘዴ ነው። አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ዲስኩ ባለቤቱ ሳያውቅ የተቆለፈ ሊሆን ይችላል። 24ኤች2 ከተባለው የዊንዶውስ 11 ስሪት ጀምሮ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲጫን መቆለፊያው በራሱ ይበራል። ሲ ፎርማት ከተደረገ በኋላ ዲ «የሪከቨሪ ቁልፍ አስገባ» ካለ፣ ባለ 48 አሃዙ ቁጥር ከሌላችሁ ማንም ቴክኒሻን አይከፍትላችሁም። ቁጥሩ በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ይገኛል። ከመጀመራችሁ በፊት ፈልጉና ወረቀት ላይ ጻፉት።

የተሳሳተውን ክፋይ መምረጥ

በፍላሽ ስትጭኑ የሚመጣው ሰሌዳ ሲ፣ ዲ ብሎ አይነግራችሁም። «ዲስክ 0 ፓርቲሽን 3» ነው የሚለው። መለያችሁ መጠኑ ነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ የሲንና የዲን መጠን በስልክ ፎቶ አንሱ። ባክአፕ ያለበትን ኤክስተርናል ንቀሉት፤ ከተሰካ እሱም እዚያው ዝርዝር ውስጥ ይገባል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ «ዲሊት» አትንኩ።

ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ዲስኩ ተበላሽቷል ብላችሁ አዲስ ለመግዛት አትሩጡ። 11ኛ ጄነሬሽን ኢንቴልና ከዚያ ወዲህ ያሉ ብዙ ላፕቶፖች የኢንቴል አርኤስቲ ድራይቨር (ዲስኩን ለዊንዶውስ የሚያስተዋውቅ ትንሽ ፕሮግራም) ይፈልጋሉ፤ ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ አውርዳችሁ ፍላሹ ላይ ጨምሩት። የዋይፋይ ድራይቨሩንም አብራችሁ ያዙ።

መብራት ይጠፋል። ላፕቶፑ ቻርጀሩ ላይ ይሁን፣ ባትሪውም ሙሉ ይሁን።

በክራክ መጫን

ከየትም የመጣ፣ «አክቲቬት የተደረገ» ዊንዶውስ አትቀበሉ። ፀረ ቫይረሱን አጥፉልኝ የሚል ክራክ፣ ማለትም ዊንዶውስን ያለ ፈቃድ የሚያሠራ ፕሮግራም፣ በራችሁን ክፍት አድርጎ የሚሄድ ነው። አብዛኛው ላፕቶፕ ከዊንዶውስ ጋር ነው የሚመጣው፤ ፈቃዱም ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ ነው። ሲጫን «ፕሮዳክት ኪይ የለኝም» ብላችሁ የቀድሞውን ዓይነት ምረጡ። ከኢንተርኔት ሲገናኝ ራሱ አክቲቬት ያደርጋል።

ፋይል ጠፍቶ ሲገኝ መነካካት

መጀመሪያ ሲን ክፈቱና «ዊንዶውስ ኦልድ» የሚል ፎልደር ፈልጉ። የጫነው ሰው ፎርማት ሳያደርግ በአሮጌው ላይ ከጫነ ዩዘርስ ከነፋይሉ እዚያ ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ግን ፍጠኑ፤ ዊንዶውስ ከ10 ቀን በኋላ ያጠፋዋል።

እሱ ከሌለ ኮምፒውተሩን ወዲያው አጥፉ። አዲስ ፕሮግራም አትጫኑ፣ ፊልም አታውርዱ፣ የፋይል መመለሻ ፕሮግራምም እዚያው ዲስክ ላይ አታድርጉ፤ አዲስ የሚጻፍ ነገር ሁሉ በአሮጌው ፋይል ቦታ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ዲስኩ ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣኑ ዓይነት ከሆነማ ዊንዶውስ የተሰረዘውን ቦታ ራሱ ስለሚያጸዳው የመመለሱ ዕድል በጣም ጠባብ ነው። ዲስኩን አውጥቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ የሚሞክርላችሁ ባለሙያ ፈልጉ። ስታስረክቡም ፎርማት የተደረገው መቼ እንደሆነና ከዚያ በኋላ ምን ምን እንደተጫነ ንገሩት።