በሰሜን ሸዋ የባህል ኪነት ቡድንን ስለ ማስተዳደር

በደብረ ብርሃን፣ በመሐል ሜዳ፣ በደብረ ሲና ወይም በሸዋ ሮቢት የባህል ኪነት ቡድን ለማቋቋም የሚነሡ ወጣቶች አስቀድመው የሚጨነቁት ስለ ድምፃዊና ስለ አልባሳት ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ሆኖም ብዙ ቡድን የሚፈርሰው በሠርግ ማግስት ገንዘቡ ሲከፋፈል «ለእኔ ይህ ብቻ?» የሚል ሰው በተነሣ ጊዜ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ሥራ ከመገኘቱ በፊት የክፍፍሉ ሥርዓት በመተዳደሪያ ደንብ ሰፍሮ አባላቱ ሁሉ ሊፈርሙበት ይገባል።

በ1927 ዓ.ም. እንደተመሠረተው እንደ ሀገር ፍቅር ያሉ ቴአትር ቤቶች ሙያተኞቻቸውን በወር ደመወዝ ይዘው ያሠራሉ። በዞንና በወረዳ ከተማ ያለ የግል ቡድን ግን ይህን አቅም ስለማያገኝ በድርሻ ማደር ግድ ይሆንበታል። ለአብነት ለአንድ ሠርግ 40,000 ብር ቢከፈል፣ ለመኪና፣ ለሳውንድ ሲስተም ኪራይና ለስንቅ 12,000 ብር ይቀነሳል፤ ከቀሪው 28,000 ብር ውስጥ 4,000 ብር ለቡድኑ መጠባበቂያ ገቢ ይደረጋል፤ 24,000 ብሩ ለ12 ድርሻ ሲካፈል ለአንድ ድርሻ 2,000 ብር ይደርሳል። አሥር አባላት ባሉት ቡድን ውስጥ ድምፃዊውና መሰንቆ መቺው ሁለት ሁለት፣ ሌሎቹ ስምንቱ አንድ አንድ ድርሻ ቢኖራቸው ሒሳቡ ይገጥማል። ማን ስንት ድርሻ እንዳለው ቡድኑ ራሱ ይወስን፤ ውሳኔው ግን በቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ በዓመት አንድ ጊዜም ይከለስ።

ከክፍያው ይልቅ የሚያጣላው ሽልማት ነው። ሚዜዎችና የሙሽሮቹ ዘመዶች ሞቅ ሲላቸው በድምፃዊው ግንባር ላይ የሚለጥፉት፣ በተወዛዋዧ ነጠላ ውስጥ የሚሸጉጡት ብር የማን ነው? የተሸለመው ሰው ነው የሚል አለ፤ ከበሮ መቺው በሌለበት ማን ይጨፍር ነበር የሚልም አለ፤ ሁለቱም እውነት አላቸው። በእኔ እምነት ሻል ያለው መንገድ ሽልማቱ ሁሉ በአንድ ቦርሳ ገብቶ ግማሹ ለተሸለመው፣ ግማሹ ለሁሉም እኩል እንዲከፈል ማድረግ ነው። ቦርሳውን የሚይዘው ሰው ወደ መድረክ የማይወጣ አባል ይሁን፤ ብሩም ወደ ቤት ሳይሄድ እዚያው አዳራሽ ጓሮ ሁሉም እያየ ይቆጠር። ተሸላሚው ሁሉንም ልውሰድ በሚልበት ቡድን ውስጥ ተወዛዋዦች ቅንብሩን ትተው ወደ ባለጸጋው ጠረጴዛ ሲጠጉ ይታያል፤ ይህ ደግሞ ትርኢቱን ያበላሻል።

ከደጋሹ ጋር የሚደረገው ውል አንድ ገጽ ቢሆን ይበቃል። ቀኑን፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ሰዓት፣ ጄኔሬተር የሚያቀርበውን ወገን፣ ምግብና ማደሪያ መኖሩን ይግለጽ። ከክፍያው ቢያንስ ሲሶው በቀብድ ይያዝ። በቤተሰቡ ላይ ለቅሶ ቢደርስና ሠርጉ ቢተላለፍ ቀብዱ ለአዲሱ ቀን እንደሚታሰብ በግልጽ ይጻፍ፤ በሐዘን ቤት ስለ ገንዘብ መነጋገር ነውር ስለሆነ ነገሩን አስቀድሞ መጨረስ ለሁለቱም ወገን ክብር ነው።

የዓመቱ የሥራ ዕቅድ በቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ ላይ መመሥረት አለበት። ከጥምቀት ማግስት እስከ ዓብይ ጾም መግቢያ፣ ከዚያም ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሠርግ ይበዛል። በ55ቱ ቀን የሁዳዴ ጾም ግን ጭፈራ የለም። ይህን ጊዜ እንደ ባዶ ወቅት የሚያየው ሥራ አስኪያጅ ተሳስቷል፤ ለአዲስ ቅንብር ልምምድ፣ ለአልባሳት ስፌት፣ ለመሣሪያ ጥገና የሚመች ሌላ ወቅት አይገኝም። በገና ደርዳሪ ያለው ቡድን ደግሞ በጾሙ የራሱ መርሐ ግብር ይኖረዋል። ገበሬ የሆኑ አባላት በአጨዳና በውቂያ ሰሞን እንደሚቀሩም ታስቦ ተተኪ ይዘጋጅ።

የመርሐ ግብሩ ቅደም ተከተል የድምፃዊው ምርጫ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። የዋሽንት ቀዳዳ አንዴ ከተበሳ ድምፁ የተወሰነ ስለሆነ ተጫዋቹ ቁመታቸው የተለያየ ዋሽንቶች ይይዛል፤ ክራሩና መሰንቆው ግን ለእያንዳንዱ ዜማ እንደገና መቃኘት ይችላሉ። ስለዚህ በአንድ ዋሽንትና በአንድ ቅኝት የሚሄዱት ዘፈኖች ተከታትለው ቢሰለፉ፣ ለምሳሌ የትዝታዎቹ በአንድ ላይ፣ የባቲዎቹም እንዲሁ፣ ክራር መቺው ተመልካች ፊት ቆሞ ጅማት ሲያጠብቅ አይታይም። ከትዝታ ወደ አምባሰል መሻገሪያው ላይ ፉከራና ሽለላ ቢገባ ለመቃኛ የሚሆን ጊዜ ይገኛል፤ ለጀግና ወግ ጆሮ የሚሰጠው የመንዝ ተመልካችም አይሰለችም።

የአየሩን ጠባይ መርሳት አይገባም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ሸዋ ሮቢት መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከእሷ በ1,500 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ቆላ ውስጥ ናት። ጧት በውርጭ የተነሣ ቡድን ከሰዓት በኋላ በሙቀት ይጫወታል። በደጋው ብርድ ዋሽንት በትንፋሽ እስኪሞቅ ድረስ ድምፁ ዝቅ ይላል፤ የከበሮ ቆዳ እርጥበት ሲነካው ይረግባል። ስለዚህ ቡድኑ ከዝግጅቱ ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ ይድረስ፣ መሣሪያው ከሣጥኑ ወጥቶ አየሩን ይልመድ፣ ከበሮው ፀሐይ ወይም እሳት ይሙቅ። በደብረ ብርሃንና በደብረ ሲና መካከል ባለው ከፍተኛ ማለፊያ በጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ መኪና እንደሚዘገይም በሰዓቱ ውስጥ ይታሰብ።

የሌላ ደራሲ ዘፈን በክፍያ መድረክ ላይ ሲቀርብ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይመለከተዋል፤ የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ቡድኑ ባለቤቱ ከማይታወቅ የሕዝብ ዜማ ተነሥቶ የራሱን ቅንብር ቢሠራ ይህ ጣጣ ይቀልለታል፤ ከመንዝ፣ ከቡልጋና ከምንጃር ሽማግሌዎች የሚገኘው ግጥምም አያልቅበትም።

ገንዘብ ያዡና ሥራ አስኪያጁ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። ቡድኑ ከዝግጅት በተመለሰ በሦስት ቀን ውስጥ ገቢው፣ ወጪው ከነደረሰኙና የየአባሉ ድርሻ በአንድ መዝገብ ላይ ሰፍሮ እያንዳንዱ አባል ከስሙ ትይዩ ይፈርም፤ በዚያው ዕለት አልባሳቱና መሣሪያው ተቆጥረው ለንብረት ያዡ ይመለሱ፣ የተቀደደው ወይም የተሰበረው ነገር መጠገኛም ከመጠባበቂያው ላይ ይታዘዝ።