አፈሩ እርጥብ፣ ቅጠሉ የተጨማደደ፦ የትንሿ ሰኩለንት ችግርና መፍትሄ

ይህ መመሪያ በአዲስ አበባና በመሰል ደጋ ከተሞች መስኮትና በረንዳ ላይ ለሚቀመጡ ትንንሽ ሰኩለንቶች (በወፍራም ቅጠላቸው ውሃ የሚያጠራቅሙ ተክሎች)፣ በተለይም ቅጠሏን እንደ ጽጌረዳ ለምትደረድረው ኤቸቬሪያ ነው። ብርሃን እንደምትወድና በየቀኑ እንደማትጠጣ ይታወቃል፤ እሱን እንለፈው።

ቅጠሏ ተጨማደደ፣ ለሰለሰ

ምክንያቱ ሁለት ነው፤ ወይ ጠምቷታል፣ ወይ ሥሯ በስብሷል። ላይ ላዩን ሲያዩት አንድ ስለሚመስል ፍርዱን አፈሩ ይስጥ። ቀጭን ስንጥር እስከ ማሰሮው ወለል ያስገቡና ጥቂት ቆይተው ይሳቡት።

ስንጥሩ ደረቅ ከወጣ ጥማት ነው። ውሃው በታች ቀዳዳ እስኪወጣ ያጠጡ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቅጠሉ ይሞላል።

እርጥብ ጭቃ ይዞ ከወጣ ሥሩ ሞቷል። ውሃው አለ፣ የሚጠጣው ሥር ግን የለም፤ ቅጠሉም የሚጨማደደው በጥማት ነው። አብዛኛው ሰው ጆግ ይዞ የሚመጣው ልክ በዚህ ሰዓት ነው። ብዙም ሳይቆይ የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫና ውሃ የቋጠሩ ይሆናሉ፣ ሲነኩ ይረግፋሉ፣ ግንዱም ከአፈሩ ጀምሮ ወደ ላይ ይጠቁራል። እባክዎ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ቅጠሉ ከተጨማደደ ውሃ አይጨምሩ።

ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሻጩ ነው። ተክሏ ቀዳዳ በሌለው የሴራሚክ ኩባያ፣ ፍግ በበዛበት ጥቁር አፈር ተተክላ፣ ላዩ በነጭ ጠጠር ተሸፍኖና ጠጠሩ በሙጫ ተጣብቆ ትሸጣለች። ሙጫው አፈሩን ከአየር ይዘጋል፣ ስንጥርም አያስገባም። እንዲህ አድርጎ የሚሸጥ ሰው የሸጠልዎ የጠረጴዛ ጌጥ ነው። ገዝተው እንደገቡ ላዩን ለብ ባለ ውሃ አርሰው ጠጠሩን በቢላ ጫፍ ፈንቅለው ይጣሉት።

የቢሮዋ ሰኩለንት ደግሞ አሳዳጊዋ ብዙ ነው። ባለቤቷ ሰኞ ያጠጣታል፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ረቡዕ ታዝንላታለች፣ ጎረቤት ጠረጴዛ ያለው አርብ ከሃይላንዱ የተረፈውን ይደፋባታል። ማሰሮው ላይ «ውሃ አይጨመር» ብሎ መለጠፍ ከማዳበሪያ ሁሉ ይበልጣል።

ከማሰሮው ወለል ላይ ጠጠር ማንጠፍ ቀዳዳን አይተካም። ውሃው ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ላይ ይንጠለጠላል፣ ሥሩም ወደ ረግረጉ ይቀርባል። ኩባያውን ከወደዱት ይብሱት፦ በሴራሚክ ፑንታ፣ የትራፓኖውን የመዶሻ ምት አጥፍተው፣ ቦታውን በውሃ እያራሱ፣ ሳይጫኑ። ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይበቃል።

የበሰበሰችውን ማዳን

ያውጧት፤ አፈሩን ሙሉ በሙሉ ያራግፉ። ደህና ሥር ጠንካራና ፈካ ያለ ነው፤ የሞተው ይጠቁራል፣ ሲስቡት ልጡ ተንሸራቶ ክር ይቀራል። ግንዱ ደህና ከሆነ የሞተውን ሥር ብቻ ቆርጠው፣ ጥላ ቦታ 2 ወይም 3 ቀን አድርቀው በደረቅ አፈር ይትከሏት።

ግንዱ ከጠቆረ አይሳሱ። ከጥቁሩ በላይ ይቁረጡና የተቆረጠውን ፊት ይዩ። ቡናማ ነጥብ ወይም ቀለበት ካለ ጥቂት ከፍ ብለው ደግመው ይቁረጡ፤ በየቁርጡ መሀል ምላጩን በ70 በመቶ አልኮል ይጥረጉ። አንዲት ነጥብ ከቀረች ብስባሱ መልሶ ይወጣል። ቀረፋ መነስነስ የበሰበሰውን አያድንም። የጸዳውን ራስ ቁርጡ ጠንክሮ እስኪደርቅ ከ5 እስከ 7 ቀን ጥላ ውስጥ ያቆዩትና ደረቅ አፈር ላይ ያስቀምጡት። በዚህ ጊዜ ይጨማደዳል፤ ይተዉት። ሥር ለማውጣት ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል፣ በብርድ ደግሞ ይዘገያል። ቀስ ብለው ሲስቡት እምቢ ካለ ያኔ ያጠጡ።

መሀሏ ድረስ በስብሳ ከሆነ ደህናውን ቅጠል ከነመሠረቱ ጠምዝዘው ይንቀሉና አፈር ላይ ያጋድሙት። ከግማሹ የተቀነጠሰ ቅጠል ግን ልጅ አያወጣም።

አፈሩ፦ 2 ጣሳ ሬድ አሽ (ቀዳዳ የበዛበት ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር)፣ 1 ጣሳ የአትክልት አፈር። ሬድ አሹ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያለው ይሁን፤ ነፍተው ዱቄቱን ይጣሉ፣ የቀረውን ይጠቡ። ለብሎኬት የሚመጣው ፑሚስም (ቀላሉ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ይሆናል። ደቃቅ አሸዋ አይሆንም፤ ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍነዋል። ማሰሮው ከተክሏ 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይስፋ።

ክረምት ላይ፣ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም፣ ከዝናብና ከበረዶ ጣራ ስር ያስገቧት። ብርዱና ደመናው አፈሩን ለሳምንታት እርጥብ ስለሚያቆየው በወር አንዴ ማጠጣት እንኳ ሊበዛ ይችላል። በበጋ ከ10 እስከ 14 ቀን አንዴ፣ ያውም ስንጥሩ ደረቅ ከወጣ ብቻ።

ሌሎቹ

ግንዷ ረዘመ፣ ቅጠሏ ተራራቀ፦ ብርሃን አንሷታል። የረዘመው መልሶ አያጥርም፤ ራሷን ቆርጠው እንደ ላይኛው ይትከሉ።

ነጣ ያለ ወይም ቡናማ ጠባሳ፦ ከቤት ወጥታ በአንዴ የደጋ ፀሐይ አግኝቷት ነው። በ2 ሳምንት ቀስ በቀስ ያለማምዷት። ጠባሳው አይጠፋም።

በቅጠሎቹ ስር የጥጥ ብናኝ የመሰለ ነገር፦ ተባይ ነው። በ70 በመቶ አልኮል በጥጥ ይንኩት፤ በሳምንት አንዴ፣ ለአንድ ወር ያህል። ሥሩንም ይዩ። ቅጠሉን በእኩል የሸፈነው ግራጫ ዱቄት ግን የራሷ ልብስ ነው፤ የሚወለውሉት ሰዎች ፀሐይ መከላከያዋን ነው የሚገፉት።

የታች ቅጠል ደርቆ ሳሳ፦ እርጅና ነው፤ ልቀሙት።

ሲቆርጡ ነጭ ወተት ከፈሰሰ በእጅዎ ያለው የቁልቋል ወገን ነው። ጓንት ያድርጉ፣ ዓይንዎን አይንኩ፣ ልጆችን ያርቁ። ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ውሃ አጥበው ወዲያው ሐኪም ቤት ይሂዱ።