ሃይሮክስ፦ ከስሌድ ግፊያ በኋላ እግር አልሮጥ ሲል

ሃይሮክስ የአንድ ኪሎ ሜትር ሩጫና የጉልበት ሥራ የሚሠራባቸው ጣቢያዎች ስምንት ስምንት ጊዜ የሚፈራረቁበት ውድድር ነው። ሁለተኛው ጣቢያ ስሌድ፣ ማለትም ክብደት ተጭኖበት ወለል ላይ የሚንሸራተት መሣሪያ፣ መግፋት ነው። የችግሩ ምልክት እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ኪሎ ሜትሮች በቀላሉ ይሮጣሉ። ስሌዱ 50 ሜትር ተገፍቶ እንዳለቀ ግን ጭን ይደነድናል፣ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ወደ እርምጃ ይለወጣል። ጀማሪን ተስፋ የሚያስቆርጠው እዚህ ላይ ነው፤ ገና ስድስት ጣቢያ ይቀራል።

ከባድ ስኳት (ክብደት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) መጨመር አልፈታውም፤ ጉልበቱ ቀድሞም ነበር። ረጅም ሩጫ ማብዛትም እንዲሁ፤ ያልደከመ እግር በድካም መሮጥን አይለምድም።

የሠራው ሁለቱን ማገናኘት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ስሌዱን በውድድሩ ክብደት (ኦፕን በሚባለው መደበኛ ምድብ ስሌዱን ጨምሮ ለወንዶች 152፣ ለሴቶች 102 ኪሎ) 25 ሜትር መግፋት፣ ከዚያ ሳያርፉ 400 ሜትር መሮጥ። አራት ዙር፣ በየመካከሉ 2 ደቂቃ እረፍት። የሩጫው የመጀመሪያ 100 ሜትር ሆን ተብሎ በዝግታና በአጭር እርምጃ ይሁን፤ የተያዘው ጭን የሚፈታው እዚያ ነው። የ400 ሜትሩ ሰዓት ሳምንት በሳምንት ሲያጥር ማየት ለጀማሪ ትልቅ ልበ ሙሉነት ይሰጣል።

በውድድሩ ቀን ክንድ ታጥፎ፣ ትከሻ ወደ ስሌዱ ምሰሶ ተጠግቶ፣ በአጫጭር እርምጃ ይገፋ። በየ12.5 ሜትሩ ጭን ሳይደነድን ሦስት ትንፋሽ ያህል መቆም። የልምምዱ ወለል ከውድድሩ ምንጣፍ ይልቅ የሚያንሸራትት ከሆነ ስሌዱ ያለአግባብ ይቀላል፤ ያኔ ክብደት ይጨመርበት።